ዴልሂን በአራት ቀን፦ ከዲሲ በአዲስ አበባ በኩል ለሚሄዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሦስት ጊዜ ዴልሂ ሄጄ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። ቡና ላይ ይጠይቁኛል፤ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ይጠይቁኛል፤ ሌሊት በቴሌግራም ይጠይቁኛል። አንድ ቦታ ሰብስቤ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። አብዛኛው ጠያቂ እንደ እኔ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ቤተሰብ አይቶ፣ ከዚያ ወደ ዴልሂ የሚዘልቅ ነው። መልሱም ለዚያ ሰው ያደላል። ከአዲስ አበባ ብቻ ለሚነሣም ግን ብዙው ይሠራለታል።

ስንት ቀን ይበቃል?

ለዴልሂ ብቻ አራት ሙሉ ቀን። አግራ ከተማ ያለውን ታጅ ማሃልን ካከላችሁ አምስት።

የምሰማው ዕቅድ ግን ሌላ ነው። "ሰኞ ዴልሂ፣ ማክሰኞ አግራ፣ ረቡዕ ጃይፑር፣ ሐሙስ ሙምባይ፣ ቅዳሜ ጎዋ" ይሉኛል። እንዲህ የሄደ ሰው ህንድን በመኪና መስኮት አይቶ ይመለሳል። ከዴልሂ ሙምባይ በመንገድ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአጭር ጉዞ አንድ ከተማ ያዙ። የቀረው ለሌላ ጊዜ ይሁን።

የደረሳችሁበትን ቀን ደግሞ ከቁጥር አታስገቡት። ዴልሂ ከአዲስ አበባ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከዋሽንግተን ደግሞ እንደ ወቅቱ 9 ሰዓት ተኩል ወይም 10 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ከዲሲ በቀጥታ የመጣ ሰው ሌሊቱ ቀን፣ ቀኑ ሌሊት ይሆንበታል። አዲስ አበባ ሦስት አራት ቀን ከቆያችሁ ግን ሰውነታችሁ ግማሹን መንገድ ተላምዶ ይደርሳል። ለዚህ ብቻ እንኳ አዲስ አበባ መቆም ያዋጣል።

መቼ ልሂድ?

የካቲት። ሁለተኛ ምርጫ፣ የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት መጀመሪያ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ አንዳንዴ 45ን ይነካል። ልጆችና አዛውንት ይዞ የሚሄዱበት ወቅት አይደለም። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ይገባል። የእነሱ ክረምት ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ልዩነቱ የእኛ ክረምት ብርድ ነው፤ የእነሱ ደግሞ እንፋሎት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኅዳር ነው። "አየሩ ቀዝቅዟል፣ ጥሩ ጊዜ ነው" ይላል። አየሩ እውነትም ይቀዘቅዛል፤ ግን አይተነፈስም። በአጎራባቾቹ የፑንጃብና የሃርያና ክልሎች ገበሬው የሩዝ ገለባውን የሚያቃጥለው በዚህ ሰሞን ነው። የሂንዱዎቹ የዲዋሊ በዓል ርችት ይጨመርበታል። የመኪናና የፋብሪካው ጭስ አለ። ብርዱ ሲመጣ ነፋሱ ይተኛና ሁሉም ከተማዋ ላይ ይከደናል። አስም ያለበት ሰው በዚህ ወቅት ባይሄድ እመክራለሁ። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ጉም አለ። ጠዋት ጠዋት በረራ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይሰረዛል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 26 የሪፐብሊክ ቀናቸው ስለሆነ የከተማዋ መሀል መንገዶች ይዘጋሉ።

የካቲት ላይ ሲደርስ ጉሙ ይነሣል፤ አበባው ይፈነዳል፤ ሹራብ ለጠዋትና ለማታ ብቻ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አለ፤ ዐቢይ ጾም ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚሁ ሰሞን ነው። ስለ ጾሙ ከታች እመለሳለሁ።

ቪዛው ይከብዳል?

አይከብድም፤ ግን ያሰለቻል። የህንድ መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ቪዛ የሚሰጥበት የራሱ ድረ ገጽ አለው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ በዚያ ይጨርሳል። የሌላ አገር ፓስፖርት የያዛችሁ፣ ምንም ከመክፈላችሁ በፊት የአገራችሁ ስም ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እዩ። ከሌለ መንገዱ በኤምባሲ ነው። ለአጭር ጉዞ የ30 ቀኑ ቪዛ ይበቃል። ዋጋው እንደ ፓስፖርቱ አገር ይለያያል።

መጀመሪያ የሚጠብቃችሁ ወጥመድ አስመሳይ ድረ ገጽ ነው። ጎግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ ብቅ የሚሉት ብዙዎቹ ደላሎች ናቸው። የህንድ ባንዲራና አንበሳ ለጥፈው እጥፍ ያስከፍላሉ። የአድራሻውን መጨረሻ አይታችሁ የመንግሥት መሆኑን አረጋግጡ።

ሁለተኛው ጣጣ የስማችን ነገር ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ለብቻ፣ የራስ ስም ለብቻ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። የአባት ይሁን የአያት ብላችሁ አትጨነቁ። ፓስፖርታችሁ ላይ እንዴት እንደ ተከፈለ አይታችሁ ያንኑ ገልብጡ። ትኬቱም እንደዚያው ይሁን።

ሌላም አለ። ዜግነቱን በመወለድ ነው ወይስ በኋላ ያገኛችሁት ብሎ ይጠይቃል። አሜሪካዊ የሆናችሁት በኋላ ከሆነ የቀድሞውን ዜግነት መጻፍ አለባችሁ። የእናትና የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሃይማኖት ሁሉ ይጠየቃል። "ሰውነትዎ ላይ የሚታይ ምልክት" የሚል ሣጥን እንኳ አለው። እናቴ ይህን ስሞላላት ግንባሯ ላይ ያለውን ንቅሳት አሳየችኝና "ይኸው ጻፍላቸው" አለችኝ። ጻፍኩላቸው።

ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ቪዛው በኢሜይል ሲመጣ በወረቀት አትሙት። ስልክ ባትሪው ያልቃል። ህንድ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ደግሞ የመግቢያ ካርዱ በኢንተርኔት ይሞላል። እሱ ነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ሌባ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት የግድ ነው?

አዲስ አበባ ከቆማችሁ፣ አዎ የግድ ነው። በቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

ህንድ ቢጫ ወባ የላትም፤ ትንኟ ግን አለቻት። በሽታው ከገባ የሚያቆመው የለም ብለው ስለሚፈሩ ከአፍሪካና ከደቡብ አሜሪካ አገሮች በሚመጣ ሰው ላይ በጣም ጥብቅ ናቸው። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ አለች። የክትባቱን ቢጫ ካርድ ያልያዘ ሰው እስከ 6 ቀን ተነጥሎ ሊቆይ ይችላል። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዤአለሁ ማለት አያድንም። የሚታየው የመጣችሁበት ቦታ ነው እንጂ የፓስፖርቱ ቀለም አይደለም።

ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወጋት አለበት። አንዴ ከተወጋችሁ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርዱ ላይ አሥር ዓመት የሚል የቆየ ጽሑፍ ቢኖርም ከ2016 ወዲህ ደንቡ ተቀይሯል። ቦሌ ውስጥ አውሮፕላን ብቻ ቀይረው ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ለሚያልፉ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ግን ውሳኔው የጤና መኮንኑ ነው። እኔ ብሆን በመኮንን ፈቃድ ላይ የዕረፍት ጊዜዬን አላስይዝም።

ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ አድርጉ። አንድ ወዳጄ በሻንጣ ከትቶት፣ ሻንጣው ደግሞ ከጤና ቁጥጥሩ በኋላ ነበር የሚገኘው። ላቡ ጠብ እያለ የቆመበትን ሰዓት አሁንም ይተርካል።

ትኬት ስቆርጥ ምን ላይ ልጠንቀቅ?

ቀኑ ላይ። ዋጋው ላይ ከምትጨነቁት ይልቅ ቀኑ ላይ ተጨነቁ።

የራሴን ጥፋት ልናገር። ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂ የሚሄደው በረራዬ ረቡዕ 00:40 ይል ነበር። እኔ ረቡዕ ማታ አክስቴ ቤት እራት እየበላሁ ነው። ሻንጣዬ በር ላይ ተዘጋጅቷል። "ስንት ሰዓት ነው በረራህ?" አለች የአክስቴ ልጅ። ስልኬን አወጣሁ። አውሮፕላኑ ከሄደ 19 ሰዓት ሆኖታል።

በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ የቀደመው ቀን ነው። "ረቡዕ ሌሊት ስድስት ሰዓት" ካልን ረቡዕ መሽቶ ማለታችን ነው። በትኬቱ አቆጣጠር ግን ረቡዕ 00:40 ማለት ማክሰኞ ማታ ኤርፖርት ናችሁ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሩቅ ምሥራቅና ወደ ህንድ የሚሄዱ በረራዎች ብዙዎቹ እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሚነሡ ይህ ስሕተት ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ትኬት እንደ ቆረጣችሁ "ኤርፖርት የምደርሰው እንዲህ ቀን፣ ማታ በእኛ 3 ሰዓት" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉና ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። እኔ አሁን እንዲያ አደርጋለሁ።

ከዚህ ሌላ፣ ሁለቱንም ጉዞ በአንድ ትኬት ያዙ። ለየብቻ ከቆረጣችሁና የመጀመሪያው ከዘገየ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም።

ከዲሲ አዲስ አበባ 13 ሰዓት እንዴት ይገፋል?

እንቅልፍ ከያዛችሁ ይገፋል። ጫማ ፈታ በሉ፤ ውሃ ጠጡ፤ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥታችሁ ተንቀሳቀሱ። እግር የሚያብጥባቸው ሰዎች የመተላለፊያውን ወንበር ይያዙ። የጾም ምግብ የምትፈልጉ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት እዘዙ፤ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ዕድል መሞከር ነው። ከአዲስ አበባ ዴልሂ ያለው ስድስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከዚያ በኋላ እንደ አውቶቡስ ይሆናል።

ሲጋራ በኤሌክትሪክ የምታጨሱ ደግሞ ቤት ትታችሁት ሂዱ። ህንድ ከ2019 ጀምሮ ከልክላዋለች።

ከኤርፖርት ከተማ በምን እገባለሁ?

ዓለም አቀፍ በረራዎች የሚያርፉት በአብዛኛው በኢንዲራ ጋንዲ ኤርፖርት ተርሚናል 3 ነው። ከሥሩ የሜትሮ ባቡር አለ። በ20 ደቂቃ ገደማ ኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ ያደርሳል። ንጹሕ ነው፤ ርካሽ ነው፤ የመንገድ መጨናነቅ አያውቅም። ሻንጣ ከበዛ ቅድሚያ የሚከፈልበትን ታክሲ ውስጥ ካለው መስኮት ያዙ፤ ወይም በስልክ ኡበር ጥሩ።

ውጭ ላይ "ታክሲ፣ ታክሲ" ብሎ እጃችሁን የሚይዘውን አትከተሉ። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። መንገድ ላይ ስልክ ይደውላል፤ "ሆቴላችሁ ተዘግቷል፣ በዚያ ሰፈር ረብሻ አለ" ይላል፤ ከዚያ ወደሚያውቀው ቤት ይወስዳችኋል። ኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊትም "የቱሪስት ቢሮ" የሚል ታፔላ የሰቀሉ ደላሎች ሞልተዋል። እውነተኛው የመንግሥት የቱሪስት ቢሮ ያለው ጃንፓት መንገድ ላይ ቁጥር 88 ነው።

የት ሰፈር ልረፍ?

ቢጫው የሜትሮ መስመር አጠገብ። ቻንድኒ ቾክ፣ ቻውሪ ባዛር፣ ኒው ዴልሂ ጣቢያ፣ ኮኖት ፕሌስና ኩቱብ ሚናር ሁሉም በዚህ አንድ መስመር ላይ ናቸው። እኔ ኮኖት ፕሌስ አካባቢን ወይም ደቡቡን ሃውዝ ካስን እመርጣለሁ። ፓሃርጋንጅ ርካሽ ነው፤ ጫጫታውን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ አልመኝም።

ሜትሮ ስትገቡ ዕቃ ይፈተሻል፤ የሴትና የወንድ ሰልፍ የተለያየ ነው። ከፊት ያለው የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ ነው። አንድ ቀን በጥድፊያ ዘልዬ ገባሁበት። ያ ሁሉ ዓይን! በሚቀጥለው ጣቢያ ወርጄ ጠፋሁ።

ገንዘብና ስልክስ?

ብር አይቀየርም። ዶላር ያዙ፤ ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበት ይሁን። ሩፒ እዚያው ደርሳችሁ ነው የምትቀይሩት። አሁን ትልቁ ኖት 500 ነው። ዝርዝር ሰብስቡ፤ ባለ ሪክሻው (የእነሱ ባለ ባጃጅ) ሁሌ "ዝርዝር የለኝም" ይላል።

ህንዶች ራሳቸው ጥሬ ገንዘብ መያዝ ትተዋል። የሻይ ሻጩ እንኳ በስልክ ተቃኝቶ የሚከፈልበት ካርቶን ሰቅሏል። ሥርዓቱ ዩፒአይ ይባላል፤ ለእንግዳ ሰውም የሚያገለግል ዋሌት አለው። ለአራት ቀን ግን ጥሬ ገንዘብና የባንክ ካርድ ይበቃል።

ስልኩ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኢንተርኔት የሚገዛው ኢሲም ዳታ ይሰጣችኋል እንጂ ብዙ ጊዜ የህንድ ቁጥር አይሰጣችሁም። እዚያ ደግሞ ዋይፋይ ለመክፈት፣ ትኬት ለመቁረጥ፣ ለሁሉም ነገር በአጭር መልእክት የሚላክ ኮድ አለ። የህንድ ቁጥር ከሌላችሁ ኮዱ አይደርሳችሁም። ስለዚህ ከኤርፖርቱ የኤርቴል ወይም የጂዮ ሲም በፓስፖርት አውጡ። ለመሥራት ጥቂት ሰዓት ሊፈጅበት ስለሚችል የሆቴሉን አድራሻ በወረቀት ያዙ።

ምን ልይ?

ከመዝጊያ ቀን ጀምሩ። ቀይ ምሽግ፣ የሎተስ ቤተ መቅደስ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደሱ አክሻርድሃምና ብሔራዊ ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ናቸው። ሰኞ የደረሳችሁ ረጅሙን የድንጋይ ግንብ ኩቱብ ሚናርንና የንጉሡን የሁማዩንን መቃብር እዩ። ለእንግዳ ያለው የመግቢያ ዋጋ ከአገሬው ብዙ እጥፍ ነው። አትናደዱ፤ እኛም አገር ላሊበላ ላይ እንደዚያው ነው።

ለሐበሻ መጀመሪያ የምለው አሮጌው ዴልሂ ነው። ሻህ ጃሃን፣ ያው ታጅ ማሃልን ያሠራው ንጉሥ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ዋና ከተማውን ከአግራ ወደዚህ ሲያዞር የቆረቆረው ነው። ቀይ ምሽጉም፣ ትልቁ የጃማ መስጊድም የእሱ ሥራ ናቸው። ከቀይ ምሽጉ ፊት የሚነሣው ቻንድኒ ቾክ ቀን ላይ ለመኪና ዝግ ስለሆነ በእግር ወይም በብስክሌት ሪክሻ ይኬዳል። መንገዱ የሚያልቀው ፋቴፑሪ መስጊድ ጋ ነው። እሱን አልፋችሁ ካሪ ባኦሊ ግቡ።

ካሪ ባኦሊ የቅመም ተራ ነው። መርካቶ በርበሬ በረንዳን የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል። ገና ሳትገቡ ያስነጥሳችኋል። ወዛደሩ ኬሻ በጭንቅላቱ ተሸክሞ "ዞር በል" እያለ ይገፋል። የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮ ይይዛል፤ ሻጩም ገዢውም አብረው ይስላሉ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጥቂት ቡናማ ፍሬ መዳፌ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ አሸልኝና "አጅዋይን" አለኝ። አሸተትኩት። ነጭ አዝሙድ! የእናቴ ቤት በርበሬ ሲደለዝ የሚሸተው። እኔ በአማርኛ፣ እሱ በሂንዲ፣ ኬሻ ለኬሻ ዞርን። ሜቲ አብሽ ነው። ሃልዲ እርድ ነው። ካሎንጂ ጥቁር አዝሙድ። ካሊ ሚርች ቁንዶ በርበሬ። ኤላይቺ ሄል። ኮረሪማ ብቻ የለም። ትልቁን ጥቁር ኤላይቺ "ይኸው" ብሎ ቢያሳየኝም እሱ ጭስ ጭስ ይላል፤ ኮረሪማ አይሆንም። እሑድ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ በሥራ ቀን ሂዱ። ወደ አሜሪካ ስትመለሱ የገዛችሁትን ለጉምሩክ ተናገሩ።

ሁለተኛው ኩቱብ ሚናር ነው። ቁመቱ 72 ሜትር ተኩል ነው። የጀመረው ኩቱብ ዲን አይበክ፣ የቀጠለው ሡልጣን ኢልቱትሚሽ ነው። የኢልቱትሚሽ መቃብርም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሰው ግንቡን ፎቶ አንሥቶ ይወጣል። እኔ ግን አንድ ታሪክ ይዛችሁ እንድትገቡ እፈልጋለሁ።

ኢልቱትሚሽ ሴት ልጁን ራዚያን ከወንዶቹ አስበልጦ ነበር። እሷም ከ1236 እስከ 1240 ዴልሂን ገዛች። የዴልሂ ሡልጣኖች ዙፋን ላይ የተቀመጠች ብቸኛ ሴት ናት። ከቅርብ ሰዎቿ አንዱ ያቁት የሚባል ሐበሻ ነበር። ባሪያ ሆኖ የመጣ ነው። ራዚያ የፈረሶቿ አለቃ አደረገችው። የቱርክ መኳንንቱን ይህ አልዋጥ አላቸው። አመፁ፤ ያቁትን ገደሉት፤ እሷንም ከዙፋን አወረዷት። የእሷ ነው የሚባለው መቃብር አሮጌው ዴልሂ ውስጥ ቱርክማን በር አጠገብ፣ ቤት ለቤት በሚያልፍ ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ጣሪያ የለውም። ሁለት የድንጋይ መቃብር፣ ዙሪያውን የሰው መስኮትና የተሰጣ ልብስ። አንድ ልጅ ነው መርቶ ያደረሰኝ። ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀኝ። "ሐበሻ" አልኩት። ቃሉን ያውቀዋል። "ሐብሺ!" ብሎ ሳቀ።

የቀረው በፍጥነት። የሁማዩን መቃብር ፀሐይ ስትጠልቅ ያምራል። ሎዲ መናፈሻ ለማረፍ ነው። ባንግላ ሳሂብ የሚባለው የሲኮች ቤተ ጸሎት ለመጣ ሁሉ በነፃ ያበላል፤ ጫማ ማውለቅና ፀጉር መሸፈን ግዴታ ነው። ነጠላ ለለመደ ይህ ምን ይከብዳል? ለልብስ ሳሮጂኒ ናጋር ገበያ ሂዱ፤ የመጀመሪያውን ዋጋ ግማሽ በሉና ከዚያ ጀምሩ።

ታጅ ማሃልን በአንድ ቀን ደርሼ መመለስ እችላለሁ?

ይቻላል፤ በባቡር። ጋቲማን የሚባለው ፈጣን ባቡር ከሃዝራት ኒዛሙዲን ጣቢያ ጠዋት ተነሥቶ በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ አግራ ይገባል። ማታ ይመልሳችኋል። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ያዙ። ዓርብ እንዳትሄዱ፤ ታጅ ማሃል ዓርብ ዝግ ነው። መግቢያው ለውጭ ዜጋ 1,100 ሩፒ፣ ዋናው መቃብር ውስጥ ለመግባት 200 ይጨመራል። ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም።

በጾም ምን እበላለሁ?

"ህንድ እኮ ብዙ ሰው ሥጋ አይበላም፣ ችግር የለም" ይላሉ። ችግር አለ። የእነሱ "ቬጅ" ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለውም ማለት ነው። ወተቱ፣ እርጎው፣ አይቡና ንጥር ቅቤው ግን በሽ ነው። የታሸገ ምግብ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ነጥብም ይህንኑ ነው የሚለው። ወተት የለውም አይልም።

ስለዚህ ሦስት ቃል ያዙ፦ ዱድ ወተት፣ ዳሂ እርጎ፣ ጊ ንጥር ቅቤ። እያንዳንዱ ላይ "ናሂ" ጨምሩበት፤ የለም ማለት ነው። "ፓኒር ናሂ" ካላችሁ ደግሞ አይቡም ይቀራል። ናን ዱቄቱ በእርጎ ወይም በወተት ስለሚቦካ እለፉት። ሮቲ ግን ዱቄትና ውሃ ነው፤ ላዩን ቅቤ እንዳይቀቡት ብቻ ንገሯቸው። የሽምብራው ቻና፣ ድንችና አበባ ጎመኑ፣ በዘይት የተቁላላ ምስር ይሆናችኋል።

የእኔ መዳኛ የደቡብ ህንድ ምግብ ቤት ነው። ዶሳ አዘዝኩ። ሩዝና ጥቁር ምስር መሳይ ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ አድሮ ቦክቶ ምጣድ ላይ የሚፈስ ነው። አስተናጋጁ ሲያመጣው ኮምጣጣው ሽታ ቀድሞ ደረሰኝ። እንጀራ አይደለም፤ ቀጭንና ደረቅ ነው፤ ግን የሩቅ ዘመድ ነው። "በዘይት ይሁን" ማለት አትርሱ። ሻያቸው በወተት ስለሚፈላ "ካሊ ቻይ" በሉ፤ ጥቁር ሻይ ይሰጧችኋል። በሶና ቆሎ ከቤት መያዝም አያሳፍርም።

የፍስክ ሰው ከሆናችሁ ዴልሂ ውስጥ የበሬ ሥጋ የለም፤ ክትፎ አይታሰብም። ሙስሊም ወገኖች ጃማ መስጊድ ዙሪያ ሐላል ጥብሱን እስኪጠግቡ ያገኛሉ።

ሆዴን ብታመምስ?

ያጋጥማል። የታሸገ ውሃ ብቻ ጠጡ፤ ክዳኑ ሲከፈት ድምፅ ማሰማቱን አዳምጡ። በረዶ ይቅር። ሰላጣ ይቅር። የመንገድ ምግብ ዓይናችሁ እያየ ከሚፈላ ዘይት የወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከሆቴል ቡፌ ይሻላል። የሰውነት ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት በየፋርማሲው አለ።

ለሴት ብቻዋን፣ ለጥቁር ሰውስ እንዴት ነው?

ሰው ያያችኋል። ትኩር ብሎ ነው የሚያየው። ፎቶ አብረን እንነሣ የሚል አይጠፋም፤ አብዛኛው በቅንነት ነው። ክፉ ቃል የሚወረውርም አለ። ዴልሂ የሚማሩ አፍሪካውያን ቤት ሲከራዩ የሚገጥማቸው ፈተናም የታወቀ ነው። ለአራት ቀን እንግዳ ያን ያህል አይሰማም፤ "ምንም የለም" ብል ግን ውሸት ይሆናል።

እህቴ ከእኔ ጋር ስትሄድ የያዘችው ደንብ ይህ ነበር። ከመሸ በኋላ በእግር የለም። ሜትሮ ከሆነ የሴቶቹ ፉርጎ። ታክሲ ከሆነ በስልክ የተጠራ፣ ታርጋው ለቤተሰብ የተላከ። ትከሻ የሚሸፍን ልብስ።

ታካሚ ይዤ ነው የምሄደው፤ ከተማውን ማየት እችላለሁ?

ብዙ ሐበሻ ዴልሂን የሚያውቃት በሆስፒታሏ ነው። ለሕክምና የሚሄድ ሰው ግን በቱሪስት ቪዛ አይሂድ። የሕክምና ቪዛ ለብቻው አለ፤ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጠይቃል። እስከ ሁለት አስታማሚም በዚያው ስም ቪዛ ያገኛል። አስታማሚው ትርፍ ሰዓት ካለው ከሰዓት በኋላ ሎዲ መናፈሻ ሄዶ ቢቀመጥ ለእሱም መድኃኒት ነው።

ስመለስ የማውቀው ነገር አለ?

አዎ። ዴልሂ ኤርፖርት በር ላይ ወታደር ቆሞ ፓስፖርትና ትኬት ያያል። ትኬቱን ያላሳየ ሕንፃው ውስጥ አይገባም፤ ሸኚም አይገባም። በወረቀት አትማችሁ ያዙ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ፍተሻው ረጅም ስለሆነ ሦስት ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ። እና እባካችሁ፣ ያ በረራም ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው። ቀኑን ድጋሚ እዩት።